ዕውቀት በብድር፦ የማስተር ጋርድነር ተቋም እንዴት ተመሠረተ፣ እንዴትስ ይሠራል?

1. ስልኩ ያላረፈበት ቢሮ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቁጥር፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት፣ በሲያትልና በታኮማ ከተሞች የሚገኙት የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮዎች ስልካቸው ሲጮህ ይውል ነበር። የሚደውሉት ገበሬዎች አልነበሩም። በደጃቸው ሣር፣ በጓሯቸው ጥቂት መደብ አትክልትና አንድ ሁለት የፖም ዛፍ ያላቸው የከተማ ሰዎች ነበሩ። የጽጌረዳዬ ቅጠል ለምን ጠቆረ? ፖሙን የሚበሳው ትል ከየት መጣ? ይህን መድኃኒት ብረጨው ልጆቼን ይጎዳብኝ ይሆን?

ጥያቄው እንዲህ የበዛው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሁለቱ ከተሞች ዙሪያ የነበረው የእርሻ መሬት እየተሸነሸነ መኖሪያ ቤት ሆነ፤ እያንዳንዱ ቤትም የራሱ ግቢ ነበረው። ግቢውን የያዘው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእርሻ የራቀ ትውልድ ነው። በሌላ በኩል የመደብሮች መደርደሪያ በፀረ-ተባይ ጠርሙስ ተሞልቷል፤ የኬሚካሉ ፍርሃትም በዚያው ልክ አድጓል። ስለ ፀረ-ተባይ ጉዳት የሚያስጠነቅቀው የሬቸል ካርሰን መጽሐፍ «ሳይለንት ስፕሪንግ» በ1962 ታትሞ አገር ካነጋገረ በኋላ፣ በ1970 የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1972 ደግሞ ዲዲቲ የተባለው ፀረ-ተባይ ለእርሻ እንዳይውል ታገደ። ሰው ጠርሙሱን በአንድ እጁ፣ ሥጋቱን በሌላው ይዞ የሚጠይቀው ባለሙያ ፈለገ።

የቢሮው ባለሙያ የተቀጠረው ግን ለሌላ ሥራ ነው። የደሞዙ ምክንያት በፒያለፕ ሸለቆ እንጆሪና አበባ የሚያመርቱት ገበሬዎችና የወተት ላም የሚያረቡት ናቸው። የጓሮ ጠያቂውን ሁሉ ላስተናግድ ቢል ገበሬው ይቀርበታል፤ ስልኩን ላላንሳ ቢል ደግሞ ደዋዩ ግብር ከፋይ ነው። መጀመሪያ የታሰበው መላ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተማር ነበር። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ፦ ፕሮግራሙን የሰማ ሁሉ ለካ የሚጠየቅ ሰው አለ ብሎ ደወለ።

2. መሠረቱ፦ ከመሬት ስጦታ እስከ ሠርቶ ማሳያ

ከዚህ ጭንቀት ምን እንደተወለደ ለመረዳት ቢሮው ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሞሪልን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ስቴት፣ በኮንግረስ ባለው እንደራሴ ቁጥር ልክ፣ በነፍስ ወከፍ 30,000 ኤከር የፌዴራል መሬት እንዲሰጥና ከመሬቱ ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብ የግብርናና የቴክኒክ ኮሌጅ እንዲቆም አዘዘ፤ «የመሬት ስጦታ» ኮሌጅ የሚባለው ይህ ነው። የመሬቱ የቀድሞ ባለቤቶች ነባር የአሜሪካ ሕዝቦች ነበሩ፤ ስጦታው የማን ስጦታ እንደነበር ዛሬም የሚነሣ ጥያቄ ነው። በ1887 የሀች ሕግ በየኮሌጁ ሥር የምርምር ጣቢያ አቋቋመ። በ1890 ሁለተኛው የሞሪል ሕግ ጥቁሮች ለሚማሩባቸው ኮሌጆች በር ከፈተ።

ኮሌጅም ምርምርም ተገኘ፤ ዕውቀቱ ግን ከግቢው አልወጣም። ገበሬው በወረቀት የታተመ ምክር አያምንም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለምን ያምናል? ምክሩ ቢከሽፍ የሚራበው እሱ ነው። መፍትሔው በቴክሳስ ቴሬል ከተማ በ1903 ታየ። ሲማን ናፕ የተባሉ የግብርና ሰው አዲሱን አሠራር ገበሬው ራሱ በገዛ ማሳው እንዲሞክረው አደረጉ፤ የከተማው ነጋዴዎች ደግሞ ኪሳራ ቢደርስ የሚተካ ገንዘብ አዋጡ። ኪሳራ አልደረሰም፤ ጎረቤትም አይቶ ተከተለ። ሠርቶ ማሳያ የሚባለው ዘዴ በአሜሪካ ሥር የያዘው በዚህ ነው። በአላባማ የቱስኪጊ ተቋም ደግሞ በ1906፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ሐሳብ፣ የእርሻ መሣሪያና ዘር የጫነ ሠረገላ ወደ ጥቁር ገበሬዎች መንደር ይልክ ጀመር። ትምህርት ቤቱ ወደ ተማሪው ሄደ ማለት ነው።

በ1914 የስሚዝ-ሌቨር ሕግ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አሠረው። ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል፣ ስቴቱ በአንጻሩ ያዋጣል፣ ካውንቲውም (ከስቴቱ በታች ያለው አስተዳደር) ቢሮና ድርሻ ያቀርባል፤ ሥራውን የሚመራው ዩኒቨርሲቲው ነው። ኅብረት ሥራ ኤክስቴንሽን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ የሦስትዮሽ መዋጮ ነው። በደቡብ ስቴቶች ገንዘቡ በነጮቹ ኮሌጆች በኩል ብቻ ይፈስ ስለነበር ለጥቁር ገበሬዎች የደረሳቸው ፍርፋሪ ነበር፤ ቁስሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት አልሻረም።

የበጎ ፈቃደኛ ነገርም ለኤክስቴንሽን እንግዳ አልነበረም። ፎር-ኤች የሚባሉትን የወጣቶች ክበባት ከጥንት ጀምሮ የሚመሩት የመንደር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በየጓሮው ለተተከለው «የድል አትክልት» ምክር ያከፋፈሉትም እነዚሁ ቢሮዎች ነበሩ። ያልተሞከረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ደሞዝ የማይከፈለው ሰው በዩኒቨርሲቲው ስም ለሕዝብ ሳይንሳዊ ምክር እንዲሰጥ ማድረግ።

3. በገበያ አዳራሽ የተደረገው ሙከራ

ሐሳቡን ያመነጩት በኪንግና በፒርስ ካውንቲዎች የሚሠሩ ሁለት የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ዴቪድ ጊቢና ቢል ሺር ነበሩ። ስሌታቸው ቀላል ነው። በከተማው ውስጥ አትክልት የሚወዱ፣ ጊዜ ያላቸው፣ መማር የሚፈልጉ ሰዎች ሞልተዋል። ዩኒቨርሲቲው ያስተምራቸው፤ እነሱም የተማሩትን ያህል ሰዓት ሕዝብ እያገለገሉ ይክፈሉ።

የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምርምር ባለሙያዎች መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ለዓመታት የተማሩበትን የዕፅዋት በሽታ ምርመራ ጥቂት ሳምንት የሠለጠነ ሰው ቢሠራውና ቢሳሳት፣ የሚወቀሰው ዩኒቨርሲቲው ነው። በተለይ ጉዳዩ መርዝን ሲነካ ስሕተት ያስቀጣል። በ1972 ግን በታኮማ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የሙከራ የዕፅዋት ክሊኒክ ተከፈተ። ሰዉ የታመመ ቅጠሉን በላስቲክ ቋጥሮ ተሰለፈ። ተጠራጣሪዎቹም የሕዝቡን ብዛት በዓይናቸው አዩ።

ቀጥሎ የምዕራቡ አሜሪካ ተወዳጅ መጽሔት «ሰንሴት» ነገሩን ጻፈና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለመሠልጠን አመለከቱ። የመጀመሪያው ሥልጠና በ1973 በሁለቱ ካውንቲዎች ተሰጠ። የማዕረጉን ስም መሥራቾቹ ከጀርመን የአትክልተኞች ማዕረግ ወስደው ማስተር ጋርድነር አሉት። በጀርመን ማዕረጉ የሚገኘው በዓመታት የሙያ ልምምድና በፈተና ስለሆነ፣ ለሳምንታት ሥልጠና የተሰጠው ስም ትንሽ ሰፊ ልብስ ነው። ግን ሰው አኩርቷል፣ ሰው ስቧል፤ ለተቋሙም ጠቅሞታል።

4. ሥልጠናው ምን ያስተምራል?

የተቋሙ ልብ እዚህ ላይ ነው። ሥልጠናው ከስቴት ስቴት ቢለያይም በአመዛኙ ከ40 እስከ 80 ሰዓት ይደርሳል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እየተባለ ለሁለት ለሦስት ወራት ይዘልቃል። የትምህርቱ ዝርዝር በየትም ቦታ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል፦ የዕፅዋት አካልና አኗኗር፣ አፈርና ማዳበሪያ፣ ብስባሽ አዘገጃጀት፣ የነፍሳት ጥናት፣ የዕፅዋት በሽታ፣ አረም፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ የዛፍ አገራረዝ፣ የሣር አያያዝ፣ ውኃ ቁጠባ፣ የፀረ-ተባይ አጠቃቀምና ጥንቃቄ። የሚያስተምሩት የዩኒቨርሲቲው ምሁራንና የካውንቲው ባለሙያዎች ናቸው።

ወደ ሥልጠናው የሚመጣ ብዙ ሰው የሚያስበው የተዋጣለት አትክልተኛ ለመሆን ነው። ተቋሙ የሚፈልገው ግን አስተማሪ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አርባ ዓመት ቲማቲም ያበቀለ ሰው የራሱን ጓሮ ያውቃል እንጂ የጎረቤቱን አፈር አያውቅም፤ የሚመክረውም «እኔ እንዲህ ሳደርግ ይሆንልኛል» ብሎ ነው። በሥልጠናው ይህ አነጋገር ይከለከላል። ምክር የሚሰጠው በምርምር የተረጋገጠውን፣ አብዛኛውን ጊዜም ዩኒቨርሲቲው አሳትሞ ያወጣውን ብቻ ነው። ከሴት አያት የተወረሰው የቡና አተላ መድኃኒት የፈለገውን ያህል ቢወደድ በክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በበጋ ክሊኒክ ተደጋግሞ የሚመጣው ነገር ታችኛው ጫፉ ጠቁሮ የሰረጎደ ቲማቲም ነው። ባለቤቱ በሽታ መስሎት የፈንገስ መድኃኒት ገዝቶ ረጭቷል፤ አልዳነለትም። ሠልጣኙ የተማረው መልሱን ቸኩሎ ከመስጠት በፊት መጠየቅን ነው። ተክሉ መቼ ተተከለ? ውኃ በየስንት ቀኑ ያገኛል? በማሰሮ ነው በመሬት? ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ጨምረህበታል? ሁሉም ፍሬ ነው የጠቆረው ወይስ የመጀመሪያው ዙር ብቻ? ከዚያ ነገሩ ይገለጣል። ይህ ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ ፍሬው በሚያድግበት ጊዜ በቂ ካልሲየም ሳይደርሰው ሲቀር የሚመጣ ጉዳት ነው። ካልሲየሙ ብዙ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ አለ፤ ወደ ፍሬው የሚያጓጉዘው ግን ውኃ ነው። አንድ ቀን ደርቆ ሌላ ቀን የሚጥለቀለቅ ተክል ፍሬው ይጎድልበታል። መድኃኒቱም የተመጣጠነ ውኃ፣ ሥሩን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል መሸፈን፣ አስፈላጊ ከሆነም የአፈር ምርመራ ነው። ሰውየው ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ጠርሙስ ኬሚካል ሳይገዛ ቀረ። ተቋሙ ከተፈጠረ ጀምሮ የሠራው ሥራ በብዛት ይህን ይመስላል፦ ሰው ያላስፈለገውን እንዳይረጭ ማድረግ።

ዘዴው የተቀናጀ ተባይ መከላከል ይባላል። መጀመሪያ ተባዩን በትክክል መለየት፣ ከዚያ ጉዳቱ እርምጃ የሚያስወስድ መሆኑን ማመዛዘን፣ በእጅ በመልቀም ወይም ተክል በማፈራረቅ መሞከር፣ ኬሚካል ከመጣም የመጨረሻው አማራጭ ሆኖ ይመጣል፤ ያም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መመሪያ ብቻ። ቅጠል ላይ የታየ ትል ሁሉ ጠላት አለመሆኑን ማሳየት ራሱ ግማሽ ትምህርት ነው።

ሌላው የሚሠለጥኑበት ነገር «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ማለት ነው። ለአንዳንዱ ሠልጣኝ ከዕፅዋት በሽታው ትምህርት ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። ያልታወቀው ናሙና ወደ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ይላካል፤ ጠያቂው መልሱን ቆይቶ ያገኛል። የ1972ቱን የምሁራን ሥጋት ያስታገሠው ይህ ሰንሰለት ይመስለኛል፤ በጎ ፈቃደኛው የመጨረሻው ሰው ስላልሆነ ስሕተቱም የመጨረሻ አይሆንም።

ከዚያ ክፍያው ይመጣል። በቨርጂኒያ 50 ሰዓት የተማረ ሰው 50 ሰዓት ያገለግላል፤ ይህን ሳይጨርስ ማዕረጉን አያገኝም፣ እስከዚያው ተለማማጅ ይባላል። ከዚያም በየዓመቱ 20 ሰዓት አገልግሎትና 8 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይጠበቅበታል። በካሊፎርኒያ የመጀመሪያው ዓመት 50 ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ በየዓመቱ 25 ሰዓት አገልግሎትና 12 ሰዓት ትምህርት። ነገሩ ከዕድር ብዙ አይርቅም፦ መዋጮውን ያቋረጠ አባልነቱ ይቋረጣል። ማዕረጉ የዕድሜ ልክ ዲግሪ አይደለም፤ አገልግሎቱ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። በማዕረጉ መነገድም ክልክል ነው፤ የአትክልት ሥራ ድርጅት ያለው ሰው በንግድ ካርዱ ላይ ሊያትመው፣ የአንድን ኩባንያ ምርት ሊያሞግስበትም አይችልም።

5. ስርጭቱ

ሞዴሉ በፍጥነት ተባዛ። ኦሪገን በ1976፣ ሜሪላንድ በ1978፣ ካሊፎርኒያ በ1980 የየራሳቸውን ጀመሩ። በካናዳ ኦንታሪዮ በ1985 ተከተለች። የፌዴራል ትእዛዝ አልነበረም፤ ችግሩ በየከተማው አንድ ዓይነት ስለነበር መፍትሔውን እያዩ ወሰዱት። በ2018 በመላው አሜሪካ ከ80 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ኮቪድ-19 ሲመጣ ክሊኒኮቹ ተዘጉ፣ ትምህርቱም ወደ ዙም ገባ፤ በዚያው የቀረው ብዙ ነው።

የሥራው ዓይነትም ከስልክና ከክሊኒክ አልፎ ሰፋ። ዛሬ እነዚህ ሰዎች በትምህርት ቤት ጓሮ፣ በማረሚያ ቤት፣ በአረጋውያን መኖሪያ፣ ለምግብ ባንክ በሚመረትበት ማሳ፣ በቤተ መጻሕፍትና በገበሬ ገበያ ይገኛሉ። የከተማ አፈር የእርሳስ ብክለት ጉዳይ ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ አስጠንቃቂዎች መካከል እነሱ ናቸው። በ1978 የእርሳስ ቀለም ለቤት እንዳይውል ከመታገዱ በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ ሥር ጎመን ለመትከል የሚያስብ ሰው መጀመሪያ አፈሩን ያስመርምር፤ ሌላው ሁሉ ቢዘነጋ ይህ ምክር የማይዘነጋ ነው።

6. አደረጃጀቱ

ከላይ የፌዴራሉ የግብርና ሚኒስቴር አለ፤ በሥሩ የምግብና የግብርና ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ለኤክስቴንሽን ሥራ ገንዘብ ያከፋፍላል። በፕሮግራሙ ላይ ግን እጁ ረጅም አይደለም። እውነተኛው ባለቤት በየስቴቱ ያለው የመሬት ስጦታ ዩኒቨርሲቲ ነው። በብዙ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁለት ናቸው፤ ለምሳሌ የቨርጂኒያን ኤክስቴንሽን ቨርጂኒያ ቴክና በ1890ው ሕግ የገባው ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጋራ ይመሩታል። በዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ሥልጠናውን የሚሰጠው የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል እርሻ ባለው ስቴት ሳይሆን በከተማ የተመሠረተው እሱ ብቻ ነው።

የስቴቱ አስተባባሪ ሥርዓተ ትምህርቱንና ደንቡን ይጠብቃል። የካውንቲው አስተባባሪ አመልካቾችን ይቀበላል፣ የወንጀል ታሪካቸውን ያጣራል፣ ሰዓታቸውን ይመዘግባል፣ ማን የት እንደሚቆም ይመድባል። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው በአንድ ካውንቲ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ አይደለም። ተቋሙ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህች አንድ ወንበር ነው። ካውንቲው በጀት ሲጠብበት ይህችን ወንበር ካጠፋት፣ መቶ በጎ ፈቃደኛ ቢኖር የሚያሰማራቸው አይገኝም። በጎ ፈቃደኛ ነጻ ነው የሚለው የበጀት ሰዎች አባባል እዚህ ላይ ይከሽፋል።

ከጎን ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹ ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራትና ፋውንዴሽኖች አሉ። በጸደይ ችግኝ ሸጠው ለሠርቶ ማሳያ ጓሮ፣ ለመጻሕፍት፣ ለስኮላርሺፕ ያውላሉ። ማኅበሩ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ምን እንደሚመከር የሚወስነው ግን ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው።

7. ደጅ የቀረው ማን ነው?

ዕውቀቱን በሰዓት ክፈሉ የሚለው ውል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሰዓት ላለው። ለረጅም ጊዜ ትምህርቱ የሚሰጠው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነበር። ከዚህ የተነሣ አብዛኞቹ ሠልጣኞች ጡረታ የወጡ፣ የተማሩ፣ ቤትና ግቢ ያላቸው ነጭ አሜሪካውያን፣ በብዛትም ሴቶች ሆኑ። ተቋሙ ራሱ ያደረጋቸው ጥናቶች ይህን አይደብቁም። በአንዳንድ ቦታ ከ100 ዶላር በላይ የሚጠየቀው የመመዝገቢያ ክፍያም የሚያበረታታ አይደለም።

ማሻሻያዎች አሉ። የማታና የቅዳሜ ክፍል ተከፍቷል፣ በኢንተርኔት መማር ተችሏል፣ ክፍያ የሚቀንሱ ካውንቲዎች አሉ፣ በስፓኒሽ የሚያስተምሩም አሉ። ግን ውሉ አልተነካም። በእኔ እይታ ስሕተቱ ያለው በሰዓቱ ቁጥር ላይ ሳይሆን አገልግሎት ተብሎ በሚቆጠረው ነገር ላይ ነው። በገበሬ ገበያ ጠረጴዛ የተቀመጠ ሰው ሰዓቱ በቀላሉ ይመዘገብለታል፤ በአፓርታማ ግቢ ከአሥር ቤተሰብ ጋር በራሱ ቋንቋ አትክልት የሚተክል ሰው ግን ሥራው ተቋሙ በሚያውቀው መልክ አስቀድሞ ካልጸደቀ ላይቆጠርለት ይችላል። የጠረጴዛው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቀድሞውኑ የሚያውቀውን ሕዝብ ነው።

8. ወደ እኛ ሲመጣ

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። በ1952 በተፈረመ የቴክኒክ ትብብር ስምምነት የኦክላሆማ የመሬት ስጦታ ኮሌጅ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከጂማ የእርሻ ትምህርት ቤት ጀምሮ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ አቋቋመ። ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን በአንድ ግቢ የሚለው የአሜሪካኖቹ ሞዴል አብሮ መጣ፤ የአገሪቱን የኤክስቴንሽን ሥራ በመጀመሪያ የያዘው ኮሌጁ ነበር። በ1963 ግን ሥራው ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ኤክስቴንሽን ማለት በመንግሥት የተቀጠረ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልና ሞዴል አርሶ አደር ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ከገበሬው ራቀ፤ ይህን መራራቅ የግብርና ምሁራን ዛሬም ያነሡታል።

የከተማ ነዋሪው ጓሮ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የማንም አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በግቢውና በኮንዶሚኒየም በረንዳው ሰላጣና ቆስጣ እንዲያበቅል ይበረታታል። ጥያቄውም በሲያትል እንደሆነው ይመጣል፦ ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ? ለዚህ ሁሉ ቤት የሚበቃ ተቀጣሪ ባለሙያ ማንም መንግሥት የለውም። በከተማዋ ግን ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያዎችና መምህራን አሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሕጋዊ ኃላፊነታቸው በሆነው የማኅበረሰብ አገልግሎት ሥር ይህን ውል ቢሞክሩት የሚያስፈልገው አንድ አስተባባሪ፣ አንድ ክፍልና በደንብ የተጻፈ ደንብ ነው።

በአሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች ነገሩ የበለጠ ቅርብ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ስንት ቤት የሐበሻ ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያ፣ በማሰሮም ጌሾ እንደሚበቅል የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጌሾው ከባዱ ብርድ ሳይመታው ቤት መግባት እንዳለበት፣ ከኢትዮጵያ ዘር ይዞ ለመግባት የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ወይም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የጎመኑን ቅጠል የሚበሳው ትል ያለ ኬሚካል እንዴት እንደሚለቀም ለእማማ በአማርኛ የሚነግር ሰው ግን ብዙ የለም። ልጆች በእንግሊዝኛ ያስረዱላቸዋል፤ የተክሉን ስም ልጆቹ አያውቁትም።

በብዙ ካውንቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ ትምህርቱ ከገና በኋላ ይጀምራል። የግብርና ዲግሪ አይጠየቅም። ወደ ካውንቲያችሁ ኤክስቴንሽን ቢሮ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የማታ ክፍል አላችሁ ወይ? በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ግቢ በአማርኛ የማስተምርበት ሰዓትስ ይቆጠርልኛል ወይ? ለሁለተኛው መልሱ አዎ ካልሆነ፣ ለምን እንዳልሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።